ዘጠኝ ፊደል፣ አምስት ድምፅ፦ በደብረ ብርሃን ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተደረሰ አንድ የፒያኖ መታሰቢያ

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከአራት ደቂቃ በታች የሚፈጅ አንድ አጭር የፒያኖ ድርሰት ነው። ድርሰቱን የሠራው ደብረ ብርሃን ከእኔ ዘንድ ኪቦርድ የተማረ፣ ትውልዱ ከመንዝ የሆነ የ23 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ ስሙ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀ «ደራሲው» እያልሁ እጠራዋለሁ። ሥራው መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ላረፉት ለእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መታሰቢያ እንዲሆን የታሰበ ነው። ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ቅጂ ስምንት ወር ያህል ወስዷል። ጉዳዩን በጽሑፍ ያስቀመጥሁት ድርሰቱ ታላቅ ስለሆነ አይደለም፤ ደራሲው ራሱም እንዲህ አይልም። በአገራችን ለፒያኖ የሚደርሱ ወጣቶች የቀደመን ሰው ሲዘክሩ ሁልጊዜ የሚገጥማቸው አንድ ጥያቄ አለ፤ ከዘካሪው ወደ ተዘካሪው ምን ይተላለፋል፣ ከተዘካሪውስ ምን ይወሰዳል የሚለው ነው። በዚህ ሥራ ጥያቄው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ኖታ ድረስ ሲፈተን በቅርብ አይቻለሁ።

ስለ እማሆይ የሚታወቀውን ለጉዳዩ በሚበቃ መጠን ላስታውስ። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉ ዝግጅት በኋላ ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ፤ አሥር ዓመት ያህልም ጫማ ሳያደርጉ ኖሩ። ኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያው ገዳም ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም 21ኛው ክፍል የእሳቸው ሥራ ብቻ ሆኖ ሲወጣ ዓለም ሰማቸው። የፒያኖ አጨዋወታቸውን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሁለተኛ አይስተውም። ቀኝ እጃቸው በአንዷ ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጥቃቅን ጌጥ እያሰረ ይሄዳል፤ ግራ እጃቸው በአውሮፓ ልማድ ኮርዱን፣ ማለት በአንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች፣ በትኖ ያነጥፋል፤ ጊዜው ደግሞ እንደ ዜማ አተነፋፈስ ይረዝማል፣ ያጥራል።

የመጀመሪያው ረቂቅ መከራ የመጣው ከዚሁ ነው። ደራሲው የእማሆይን ቅጂዎች በስልኩ ላይ ፍጥነታቸውን ቀንሶ እየደጋገመ በመስማት ጌጦቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው፤ የግራ እጁን አነጣጠፍም እንዲሁ። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሲያሰማኝ እውነትም እማሆይን ይመስል ነበር። ሌሎች የሰሙትም «እሳቸው ናቸው እንዴ የሚጫወቱት?» ብለው አመሰገኑት። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ምክንያቱን ወዲያው በትክክል መናገር ባልችልም ያልሁት ይህን ነበር፤ «እማሆይ ባይኖሩ ይህ ድርሰት አይኖርም፤ እማሆይ ስላሉ ደግሞ አያስፈልግም።» ልጁ ተከፋ። ዛሬ ሳስበው አነጋገሬ ይበልጥ ለስላሳ ሊሆን ይገባ ነበር፤ ፍርዱን ግን አልለውጠውም።

ነገሩን ከእኔ በተሻለ የገለጹት በተጉለት በኩል ድጓ የሚያስተምሩ፣ የደራሲው አጎት ደቀ መዝሙር የነበሩባቸው አንድ የኔታ ናቸው። ተጉለት በዜማ ትምህርት እንግዳ ስም አይደለም፤ ከቤተ ልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር ጋር በስሙ የሚጠራ የዜማ ቤት ያለው አገር ነው። ልጁ ረቂቁን በስልክ አሰማቸው። የኔታ ፒያኖ የሚባለውን ነገር ብዙም ባይወዱትም እስከ መጨረሻው አደመጡና፣ ዜማና ቅኔ በአንድ ሕግ እንደማይማሩ ነገሩት። ዜማ የሚማር ልጅ መምህሩ እንዳለው ማለት አለበት፤ ከመምህሩ ድምፅ ጥቂት ቢስት ይመለሳል፣ ይቀጣል። ቅኔ የሚማር ልጅ ግን የመምህሩን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ያፍራል፤ የሚማረው መንገዱን ነው፣ የሚያቀርበው ደግሞ በዚያ ቀን የቆጠረውን አዲሱን ነው። «አንተ ቅኔ እቀኛለሁ ብለህ ተቀመጥህ፣ ዜማ ቀጸልህ» አሉት። ይህን ሲነግረኝ እኔ ስፈልገው የነበረውን ቃል ማግኘቴን አወቅሁ።

ከዚህ በኋላ የአውሮፓውያንን ተመሳሳይ ሥራዎች ማሳየት ጀመርሁ፤ በዚያ በኩል የቀደመን ደራሲ በፒያኖ መዘከር ረጅም ልማድ አለውና። ክሎድ ደቡሲ እ.ኤ.አ. በ1905 ለቀደመው ፈረንሳዊ ደራሲ ለራሞ የጻፈውን፣ ሩሲያዊው ሾስታኮቪች ከላይፕዚግ የባኽ በዓል ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 የደረሳቸውን 24 ፕረሉድና ፉጎች (መግቢያና አንድ ዜማ በየተራ በተለያየ ድምፅ እየተከታተለ የሚገባበት ድርሰት) ቶሎ አለፍናቸው፤ ሁለተኛው በተለይ ለ23 ዓመት ልጅ የሚያስፈራ ተራራ ነው። ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ኩርታግ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ «ጨዋታዎች» በሚል ስም ያከማቻቸው አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች ግን ጠቀሙን። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለአንድ ሰው መታሰቢያ የተጻፉ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ከጥቂት መስመር አይበልጡም። ደራሲው እነሱን ሲያይ «ጉባኤ ቃና ናቸው» አለ፤ በሁለት ቤት የሚያልቀውን የመጀመሪያውን የቅኔ ዓይነት ማለቱ ነው። ረጅም ነገር የመጻፍ ግዴታ እንደሌለበት ያወቀው በዚያ ቀን ነው።

ብዙ ጊዜ የቆየነው ግን በሞሪስ ራቬል ዘንድ ነው። ራቬል «የኩፕራን መቃብር» የተባለውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1914 ጀምሮ በ1917 ጨረሰ፤ በመካከሉ በጦርነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ዘምቷል፣ እናቱንም ቀብሯል። ፍራንሷ ኩፕራን እ.ኤ.አ. በ1733 የሞተ፣ ከፒያኖ በፊት ለነበረው ክላቭሰን ለተባለው ባለ ቁልፍ መሣሪያ የሚደርስ ደራሲ ነው። ራቬል ለዝግጅት ሲል ከኩፕራን ጭፈራዎች አንዱን በእጁ ገልብጦ ለፒያኖ አዘጋጅቶ ነበር፤ በራሱ ሥራ ውስጥ ግን ከዚያ አንድም ዜማ አላስገባም። የወሰደው የጭፈራውን አካሄድ፣ የክፍሎቹን አደራደርና የጌጡን ጥራት ብቻ ነው፤ ኮርዶቹ የራሱ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ኮርዶች ናቸው። ስድስቱን ክፍሎች በጦርነቱ ለሞቱ ወዳጆቹ ሰጣቸው፤ አንዱን ክፍል ለሁለት ወንድማማቾች በጋራ። የመጨረሻው፣ ቶካታው፣ የተሰጠው ለፒያኖ ተጫዋቿ ለማርጌሪት ሎንግ ባል መታሰቢያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በፓሪስ ያሰማችው ራሷ ሎንግ ናት።

ደራሲውን የገረመው ስሙ መቃብር ሆኖ ሳለ ውስጡ ልቅሶ አለመኖሩ ነው። ከዚያ ግን አያቱን አስታወሰ። አያቱ በመንዝ በሙሾ አውራጅነት የታወቁ ነበሩ፤ ለቅሶ ላይ ሲቆሙ የሞተውን ሰው አነጋገር አይኮርጁም ነበር፤ የሠራውን ይቆጥሩለታል፣ በፈረሱ ስም ይጠሩታል፣ ግጥሙን የሚገጥሙት ግን በራሳቸው ድምፅ ነው። በመንዝ ለቅሶ የሟቹን ድምፅ አስመስሎ የሚያወርድ ሰው ቢመጣ እንደ ነውር ይቆጠርበታል። ራቬልን ለመረዳት ከእኔ ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ንጽጽር አገለገለው።

እንግዲህ «የፈረስ ስም» የሚለው ሐሳብ ነው ወደ ፊደል ያመጣን። ራቬል እ.ኤ.አ. በ1909 ኦስትሪያዊው ደራሲ ሃይድን የሞተበት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ጥያቄ ከደቡሲና ከሌሎች ደራሲዎች ጋር ለሃይድን የፒያኖ ቁራጭ ጽፎ ነበር። የአውሮፓ ድምፆች በላቲን ፊደል ስለሚጠሩ የሃይድን ስም አምስት ፊደላት በአንድ ስልት ወደ ሲ፣ ላ፣ ሬ፣ ሬ፣ ሶል ተቀየሩ፤ ራቬልም በእነዚህ ድምፆች ላይ ሚኑየት የተባለውን የጭፈራ ዓይነት ሠራ፤ ድምፆቹን ከኋላ ወደ ፊት፣ ደግሞም ገልብጦ ተጠቀመባቸው። ባኽም በራሱ ስም አራት ፊደላት ላይ፣ ማለት በሲ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለችው ሲ)፣ ላ፣ ዶና ሲ ላይ፣ ሳይጨርሰው የቀረውን የመጨረሻ ፉጉን ሠርቷል። ደራሲው ይህን ሲሰማ «የእማሆይስ ስም?» አለ። በግዕዝ ፊደል የሚጠራ ድምፅ ስለሌለ አይሆንም ብዬ ዘጋሁት። ስሕተቴ ነበር።

በመጀመሪያ 33ቱን ፊደላት ከሀ እስከ ፐ ቆጥሮ ለአምስቱ የትዝታ ድምፆች በየተራ አደላቸው። የወጣው ዜማ ደስ የሚል ነበር፤ ችግሩም ይኸው ደስ ማለቱ ነው። በአምስት ድምፅ ቅኝት ውስጥ ድምፆቹን እንዴትም ብትበትናቸው አይጋጩም፤ የስልክ ቁጥር ብትጫወትም ትዝታ ይመስላል። ስሙ ለደራሲው ምንም አልከለከለውም፣ ምንም አላስገደደውም። የሃይድን ስም ለራቬል የሰጠው ግን እንቅፋት ነበር፤ ሚኑየቱ የተሠራው ከዚያ እንቅፋት ጋር በመታገል ነው። ስለዚህ ይህን ስልት ተወው።

ሁለተኛው ስልት የመጣው ከሳምንት በኋላ፣ የታናሽ እኅቱን የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ሲያይ ነው። ፊደላችን ወደ ጎን ሰባት ቤት አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። የዶ ሬ ሚ ድምፆችም ሰባት ናቸው። ግዕዝን ዶ፣ ካዕብን ሬ፣ ሣልስን ሚ፣ ራብዕን ፋ፣ ኃምስን ሶል፣ ሳድስን ላ፣ ሳብዕን ሲ አለው። ከዚያ ስሙን አነበበ። ጽ ሳድስ ነው፣ ላ። ጌ ኃምስ ነው፣ ሶል። ማ ራብዕ ነው፣ ፋ። ር ላ፣ ያ ፋ፣ ም ላ። ገ ግዕዝ ነው፣ ዶ፤ ብ ላ፤ ሩ ካዕብ ነው፣ ሬ። ዘጠኙ ፊደላት ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ላ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ላ፣ ሬ ሆኑ።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እነዚህን ድምፆች ቢያሰናዳቸው ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ ያገኛል። ይህ ደግሞ ከፋ የሚነሣው ሙሉ ትዝታ ነው፤ አንድም ድምፅ አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ሰባት ድምፅ ካለው መሰላል ውስጥ ስሙ ሁለቱን፣ ሚንና ሲን፣ በራሱ ጊዜ ትቷቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት ግን የድምፆቹ አከፋፈል ነው። «ጽጌ ማርያም» የሚለው ብቻውን ሦስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ፤ የቀሩት ሁለቱ፣ ዶና ሬ፣ የሚመጡት የአባት ስም ሲጠራ ነው። በእኛ አጠራር የራስ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል፤ ስለዚህ ድርሰቱ በሦስት ድምፅ ተጀምሮ በአምስት እንዲያልቅ ስሙ ራሱ አዘዘ። ራቬል የገጠመው ዓይነት ገደብ ይህ ነው።

ይህን ባገኘ ማግሥት ደራሲው ሮጦ መጥቶ ሌላ ነገር አሳየኝ። «ያሬድ» በዚሁ ስልት ያ ፋ፣ ሬ ሶል፣ ድ ላ ይሆናል፤ ፋ፣ ሶል፣ ላ ወደ ላይ። የእማሆይ ስም መነሻ ላ፣ ሶል፣ ፋ ደግሞ ያው ተገልብጦ ወደ ታች የሚወርደው ነው። የያሬድን ዜማ በጎንደር ያጠኑት እናት ስማቸው ከያሬድ ስም ጋር እንደ መስተዋት ተያየ። ልጁ ይህን ሲናገር እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ተአምር ነው ማለት ፈለገ፤ እኔ አይደለም አልሁት። የአማርኛና የግዕዝ ስሞች ሳድስ ስለሚበዛባቸው ላ በየስሙ ይሞላል፤ «ከበደ» ብለህ ብትሞክረው ደግሞ ዶ፣ ዶ፣ ዶ ብቻ ይሰጥሃል፤ ከበደ የሚባሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ድምፅ ናቸው ማለት ነው። አጋጣሚ መሆኑን ማመን ግን መጠቀምን አይከለክልም። ራቬልም የሃይድን ስም በሬ ድግግሞሽ የተሠራ መሆኑ ከሰማይ የወረደ መልእክት ነው አላለም።

የኔታ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፤ በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ስምን በፊደል መቁጠር ለእሳቸው የጠንቋይ ሥራ ነው፤ የሰው ስም ከእናቱ ስም ጋር ተቆጥሮ ኮከብ የሚታይበት ልማድ በአገሩ መኖሩን ያውቃሉ፣ ይጸየፉታልም። «የመነኵሲት ስም አይቆጠርም፤ የቅዱሱማ ጨርሶ» አሉ። ደራሲው ዕድል እየቈጠረ ሳይሆን ድምፅ እየለቀመ መሆኑን ሊያስረዳ ሞከረ፤ የኔታ ልዩነቱን አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ልጁ መካከለኛ መንገድ ያዘ። ድርሰቱ በሚሰማበት ጊዜ ስለ ፊደሉ ለአድማጭ አይነገርም፣ በኖታው ወረቀት ላይም አይጻፍም። እኔ እዚህ የጻፍሁት በደራሲው ፈቃድ ነው፤ የኔታ ቢያነቡት እንደሚከፉብኝ አውቃለሁ። የአድማጩን ነገር በተመለከተ ግን ሳያስቡት ትክክለኛውን ነገር ነግረውናል ብዬ አምናለሁ፤ ማንም በጆሮው ስም አይሰማም። ስሙ የሚጠቅመው ደራሲውን ለማሰር ነው።

ድርሰቱ በዚህ መሠረት ከሰኔ እስከ ጥቅምት እንደ አዲስ ተጻፈ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሙሉ በሙሉ በፋ፣ በሶልና በላ የተሠራ ነው። ሦስት ድምፅ ብቻ ይዞ ሁለት ደቂቃ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ የሞከረው ብቻ ነው፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ዶን በስውር አስገብቶ አገኘሁት፣ ሁለት ጊዜም አወጣት። ያዳነው የጌጥ ነገር ነው። ከእማሆይ ቅጂዎች ለቅሟቸው የነበሩትን ጌጦች ሁሉ ጥሎ፣ ከድጓ ምልክቶች መካከል ርክርክ፣ ሂደትና ይዘት የተባሉትን ብቻ ከአጎቱ አስጠንቶ በሦስቱ ድምፆች ላይ አዋላቸው። በዚህ ምክንያት የቀኝ እጁ ጌጥ ከእማሆይ ጌጥ ጋር የሚመሳሰልበት ቦታ አለ፤ መመሳሰሉ ግን ከእሳቸው በመቅዳት የመጣ አይደለም፣ እሳቸውም ወደ ሄዱበት ምንጭ በመሄድ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ ለእኔ ግን የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። በግራ እጁ የያሬድ ሦስት ድምፆች በጣም በዝግታ፣ አንዷ ድምፅ አራት አምስት ትንፋሽ ያህል እየቆየች፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ደራሲው የሚለማመድበት ኪቦርድ 61 ቁልፍ ያለው፣ ማለት የአምስት ኦክታቭ፣ ፔዳሉ የጠፋ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ እማሆይ ግራ እጃቸውን እንደዚያ ሊያነጥፉ የቻሉትም ፔዳል ድምፁን ስለሚይዝላቸው ነው። በዚህ ኪቦርድ ላይ ጣት ከቁልፉ በተነሣ ቅጽበት ድምፁ ይሞታል። ስለዚህ ደራሲው ግራ እጁን በጣቶቹ ብቻ ድምፅ እየያዘ፣ አንዱን ሳይለቅ ሌላውን እየጨመረ እንዲሄድ አድርጎ ጻፈው። ኅዳር ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሲጠና ይህ ቀላል አልነበረም፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጣት አይታዘዝም፣ ልጁም የእናቱን የመንዝ ባና ትከሻው ላይ ጥሎ እጁን ከውስጡ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ በእውነተኛ ፒያኖ ሲጫወተው ፔዳሉን ረገጠ፤ ድርሰቱም ወዲያው ጨቀየ። በድህነት የተገኘው አጻጻፍ የድርሰቱ ጠባይ ሆኖ ነበርና፣ በኖታው አናት ላይ «ያለ ፔዳል» ብሎ ጻፈበት።

የቅኝቱም ጉዳይ አለ። ልጁ እረኛ ሳለ በዋሽንት የተማረው ትዝታ ከፒያኖው ትዝታ ጋር አይገጥምለትም፤ በተለይ ላ ለጆሮው ከፍ ትልበታለች። ጆሮው አልተሳሳተም። ፒያኖ 12ቱን ግማሽ ድምፆች እኩል አድርጎ የሚከፍል መሣሪያ ስለሆነ፣ ከፋ እስከ ላ ያለው ርቀት ከተፈጥሮው ሰፋ ይላል፤ አንዱ ግማሽ ድምፅ በ100 ቢከፈል ትርፉ 14 ያህል ነው። በኪቦርዱ ላይ ላን ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ ስላለ ሞከረውና ደስ አለው፤ ነገር ግን ድርሰቱ ለፒያኖ ነው፣ የፒያኖን ሽቦ ለአንድ ድርሰት ማንም አይቃኝለትም። ተወው። ይህ የላ ነገር በመጨረሻ ሌላ ቦታ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁሉ ረጅም ክርክር ያስነሣው የመጨረሻው ድምፅ ነው። ስሙ በ«ሩ» ፊደል ያልቃል፣ ሩ ደግሞ ሬ ነው። ከፋ በሚነሣ ትዝታ ውስጥ ሬ ማረፊያ አይደለችም፤ ቤት የምትባለው ፋ ናት። ደራሲው በ«ሬ» ድምፅ ላይ ቢያቆም አድማጭ እግሩን አንሥቶ የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ፋን ቢጨምር ደግሞ በስሙ ውስጥ የሌለ አሥረኛ ፊደል ጨመረ ማለት ነው። እኔ ፋ ይጨመር አልሁ፤ ሕግ ለሙዚቃው እንጂ ሙዚቃ ለሕጉ አልተፈጠረም ብዬ። ልጁ እንቢ አለ። በደብረ ብርሃን ለሃያ ያህል ሰው ሲያሰማው በሬ ላይ አቆመና እጁን አነሣ። ማንም አላጨበጨበም። ከፊት ወንበር ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ዘወር ብለው «አለቀ እንዴ?» ሲሉ ነው ሰው የሳቀውና ያጨበጨበው። ልጁ በዚያ ሌሊት አልተኛም፤ እኔም ትክክል ነበርሁ ብዬ ትንሽ መኩራቴን አልደብቅም።

መፍትሔው የተገኘው አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ በየጊዜው ይዘጋ ስለነበር ጉዞው ለሳምንታት ከዘገየ በኋላ። አንድ አዳራሽ ውስጥ ያለ አሮጌ ፒያኖ ላይ እንዲለማመድ ለሁለት ሰዓት ተፈቀደለት። እዚያ ያሳየሁት ነገር በኩርታግ ሥራዎች ውስጥም የሚገኝ ቀላል የፒያኖ ጠባይ ነው። አንድን ቁልፍ መዶሻው ሽቦውን እንዳይመታ አድርጎ በዝግታ ወደ ታች ብትጫነው ድምፅ አይወጣም፤ ነገር ግን ሽቦውን የሚያፍነው ሱፍ ይነሣል፣ ሽቦውም ነጻ ይሆናል። ከዚያ ሌላ ቁልፍ ስትመታ ነጻው ሽቦ የራሱ ክፋይ የሆነውን ድምፅ ብቻ እየመረጠ ይንቀጠቀጣል። ደራሲው «ገብሩ» የሚለውን ከመጫወቱ በፊት በግራ እጁ ዝቅተኛውን ፋ ያለ ድምፅ ተጭኖ ያዘው። ከዚያ በቀኙ ዶ፣ ላ፣ ሬ ብሎ ቀኝ እጁን አነሣ። ዶ የፋ ሽቦ ሦስተኛ ክፋይ ስለሆነች በግልጽ ቀረች። ላ አምስተኛው ክፋይ ናት፤ ነገር ግን በፒያኖው ላይ ከተፈጥሮዋ ከፍ ብላ ስለተቃኘች ሽቦው በሙሉ ልብ አልመለሰላትም፤ ደክማ ነው የቀረችው። ሬ ምንም አልቀሰቀሰችም፣ ጠፋች።

እንግዲህ ፋ ሳትመታ፣ ሳትሰማ፣ ልጆቿ ብቻ ከላይዋ ለጥቂት ሰከንድ ተሰሙ። አሥረኛ ፊደል አልተጨመረም። ልጁ ግራ እጁን ሳያነሣ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ላዋን ሰማሃት? የዋሽንቴ ላ ናት» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ሽቦው የመለሰው የራሱን ክፋይ፣ ዝቅ ያለችውን፣ ያልተሰፋችውን ላ ነው።

በኖታው ላይ አሁን ሁለት መጨረሻ ተጽፏል። አንዱ ፒያኖ ላለው ነው፤ በግራ እጅ ያለ ድምፅ የሚያዘው ፋ በባዶ ክብ ኖታ ተመልክቷል። ሁለተኛው ኪቦርድ ብቻ ላለው ነው፤ ያ ዘዴ በኪቦርድ ላይ አይሠራምና ድርሰቱ እንደ ድሮው በሬ ያቆማል። ደራሲው ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲጫወት እስከ ዛሬ ሁለተኛውን ይጫወታል፤ ሲጨርስም እጁን ቶሎ አያነሣም።